የሂል ሕመም፦ ሙቅ ውሃ ወይስ በረዶ፣ ቅባት ወይስ ክኒን፣ ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ጥር ገብቶ ሰርጉ ሲበዛ፣ ሰኞ ጠዋት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ «ወይስ» አለባቸው። ሙቅ ውሃ ይሻላል ወይስ በረዶ? የሚቀባ ይሻላል ወይስ የሚዋጥ? ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይስ ዝም ብዬ ልተኛ? ሚዜ ሆነሽ ቅዳሜ ሙሉ ቀን በሂል ቆመሽ፣ እሁድ መልስ ላይ ደግመሽው፣ ሰኞ ከታክሲ ስትወርጂ ባትሽ አልታዘዝ ካለሽ ጥያቄው ይገባኛል። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነውና መልሴ ሁልጊዜ በሌላ ጥያቄ ይጀምራል፦ ያመመሽ የቱ ጋ ነው?

«እግሬን ነዋ» አይበቃም። ባቷን ያመማትና ከጣቶቿ ሥር የሚያቃጥላት ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ጫማ አድርገው አንድ ሰርግ ላይ ቢቆሙም፣ የሚያስፈልጋቸው ነገር ለየቅል ነው። አንዷን ያሻላት ቅባት ለሌላዋ ምንም ላይፈይድ ይችላል። ብዙ ሴቶች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው፤ ጓደኛዋን የረዳትን ነገር ትገዛለች፣ አልሠራልኝም ትላለች፣ ሌላ ትገዛለች።

ይህን የምጽፈው ሂል ለምትወድና ማድረጓን ለማታቆም ሴት ነው። ስለዚህ «አታድርጊ» የሚለውን ምክር እዚህ አታገኚውም።

መጀመሪያ ቦታውን ለዪ

ባዶ እግርሽን ስትቆሚ ተረከዝሽና ከጣቶችሽ ሥር ያለው የውስጥ እግርሽ ክፍል ክብደትሽን ተካፍለው ይሸከማሉ። ተረከዝሽ ከፍ ባለ ቁጥር ሸክሙ ወደ ፊት ይሄዳል። በሙያችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ልኬት አለ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ታኮ ከጣቶች ሥር የሚያርፈውን ጫና በ22 በመቶ፣ 5 ሴንቲ ሜትር በ57 በመቶ፣ 7.5 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በ76 በመቶ ይጨምራል። ትልቁ ዝላይ ከ2.5 ወደ 5 ሲኬድ ያለው እንደሆነ ልብ በይልኝ።

በዚሁ ጊዜ ባትሽ አጥሮ፣ ተሰብስቦ ይሠራል። ከፊት በኩል አገዳሽ ላይ ያለው ጡንቻ እግርሽ እንዳይወላገድ ይታገላል። ጣቶችሽ ጫማው እንዳያመልጥ መሬቱን ይጨብጣሉ። ወገብሽ ደግሞ ወደ ፊት እንዳትደፊ ወደ ኋላ ይስብሻል። ማታ ቤትሽ ስትገቢ «እግሬ አለቀ» የምትይው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው።

አሁን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጪና በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ ፈልጊው።

ባትሽን ስትጫኚው የሚያምሽ፣ ደረጃ ስትወርጂ የሚይዝሽ ከሆነ እውነተኛ የጡንቻ መዛል ነው። መለያው ጊዜው ነው። ቅዳሜ ማታ ቀላል ይመስልና እሁድ ይብሳል፣ ሰኞም ላይቀንስ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሕመም ከፍ የሚለው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና። በራሱም ይሄዳል።

ከጣቶችሽ ሥር የሚያቃጥል፣ ጠጠር የረገጥሽ የሚያስመስል ሕመም ከሆነ ጡንቻው ብዙም ጥፋት የለበትም። የተጎዳው አጥንቶቹ ሥር ያለው ስስ የስብ ትራስና መገጣጠሚያው ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ በአጥንቶቹ መካከል የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል፤ ሐኪሞች የሞርተን ኒውሮማ የሚሉት ነው። ባትሽን ሌሊቱን ሙሉ ብታሺው ይህ አይለቅም።

ጠዋት ከአልጋ ወርደሽ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትራመጂ ተረከዝሽ ሥር እንደ መርፌ የሚወጋሽ፣ ጥቂት ከተራመድሽ በኋላ ግን የሚለቅሽ ከሆነ ከተረከዝ እስከ ጣቶች የተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ነው። ይህ በሁለት ቀን አይድንም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

አገዳሽ ፊት ለፊትና ቁርጭምጭሚትሽ ዙሪያ ከሆነ ምናልባት ጫማሽ ቀጭን ታኮ ነበረው፣ ወይም ኮብልስቶን ላይ ሄደሽበታል። ሁለቱም አንድ ላይ ከሆኑ አያስደንቅም።

ሙቅ ውሃ ወይስ በረዶ?

እናቶቻችን ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ከጨው ጋር ያቀርባሉ። ኢንተርኔቱ በረዶ ይላል። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው።

ሕመሙ እብጠት፣ ማቃጠል ወይም የቦታው መሞቅ ካለው፣ በተለይ ከጣቶች ሥርና ተረከዝ ላይ፣ የመጀመሪያው ማታ የቀዝቃዛ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ ሲረጋ ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙዪው። ስስ ካልሲ አድርገሽ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በውስጥ እግርሽ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ቀስ ብለሽ አንከባልዪው። ቀዝቃዛውና ማሻሸቱ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ ለውስጥ እግር ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም። ከ15 ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። በረዶ በባዶ ቆዳ ላይ አታሳርፊ፤ ያቃጥላል።

ባትሽ ብቻ ከሆነ፣ ያበጠ ነገር ከሌለና ደርቆ የተያዘ ከመሰለሽ የእናቶቻችን ሳፋ ያሸንፋል። ሙቀት የተጨበጠውን ጡንቻ ያላላዋል፣ ደም ያመጣለታል፣ እንቅልፍም ይጋብዛል። ውሃው እስከ ባትሽ አጋማሽ እንዲደርስ ጠለቅ ያለ ባልዲ ከሳፋ ይሻላል። ጨው መጨመር ባይጎዳም እፎይታውን የሚሰጥሽ ሙቀቱ ነው። በፋርማሲ በውድ የሚሸጠው የማግኒዝየም ጨውም ቢሆን በቆዳ በኩል ገብቶ ጡንቻን እንደሚፈውስ የሚያሳምን ማስረጃ የለውም። ገንዘብሽን ለጫማ አስቀምጪው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ስኳር በሽታ ካለብሽ ወይም እግርሽ የሚደነዝዝ ከሆነ ሙቅ ውሃም በረዶም ይቅር። ሳይሰማሽ ትቃጠያለሽ፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ደግሞ ብዙ ጣጣ ታመጣለች።

ሁለቱንም ማድረግ ለምትሰንፍበት ማታ፣ ምንም የማያስወጣ ሦስተኛ ምርጫ አለ። ጀርባሽን መሬት አስተኝተሽ እግሮችሽን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ዘርግተሽ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዪ። ሙሉ ቀን በመቆም ያበጠ እግር በዚህ ይቀንሳል።

ማሸት፦ ራስሽ፣ ወጌሻ፣ ፊዚዮቴራፒስት

መታሸት የጡንቻ መዛልን እንደሚያስታግስ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ እኔም በየቀኑ የማየው ነው። ጥያቄው ማን ያሸው፣ እንዴት ነው።

ለተራ የባት ድካም ራስሽ ትበቂያለሽ። ጥቂት ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀቢና ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ወደ ላይ ብቻ፣ በሁለት መዳፍሽ ሳቢው። ከዚያ በአውራ ጣቶችሽ ባቱ መሃል ላይ ጠጠር ያለውን ቦታ ፈልገሽ ተጭነሽ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ እስክታወጪ ቆዪበት፤ ልቀቂ፤ ድገሚ። ለአንድ እግር ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። «ደስ የሚል ሕመም» እስኪሰማሽ እንጂ ጥርስ እስኪያስነክስሽ አትጫኚ።

ስለ ወጌሻ ሲነሳ ሁለት ጽንፍ እሰማለሁ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ይንቃቸዋል፣ ሌላው ለሁሉም ነገር እነሱ ጋ ይሮጣል። ልምድ ያለው ወጌሻ እጁ ጡንቻን ያውቃል፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። የምፈራው ኃይሉን ነው። የዛለ ጡንቻ ማለት ጥቃቅን ጉዳት የደረሰበት ጡንቻ ማለት ስለሆነ እስክታለቅሺ ድረስ መጨመቅ ጉዳቱን ይጨምራል። በማግስቱ ሰማያዊ ሆኖ ካገኘሽው ሕክምና አልነበረም። ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ብሎሽ ካበጠና ልትረግጪበት ካልቻልሽ፣ መጀመሪያ ራጅ ተነሺ፤ የተሰነጠቀ አጥንት በመታሸት አይገጥምም። ወገኖቼ ወጌሻ ጋ የምትሄዱ ከሆነ «ቀስ አድርገው» ለማለት አትፈሩ፤ እሺ ካላሉ ተነሥታችሁ ሂዱ።

ፊዚዮቴራፒስት ለአንድ የሰርግ ማግስት አያስፈልግሽም፤ የራሴን ሙያ ለመሸጥ ብዬ አልዋሽሽም። የምታስፈልግሽ ሕመሙ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በየሳምንቱ ከተመለሰ፣ ወይም የጠዋቱ የተረከዝ ውጋት ካልተወሽ ነው። ያኔ አረማመድሽን፣ የቁርጭምጭሚትሽን መታጠፍና የባትሽን ርዝመት ለክታ ለአንቺ የሚሆን እንቅስቃሴ ትሰጥሻለች። ሄደሽ ማሽን ብቻ ካሰሩልሽና ቤት የምትሠሪው ነገር ካልሰጡሽ ሌላ ቦታ ሞክሪ።

ቅባት፣ ክኒን፣ መርፌ

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለእግር የጡንቻ ሕመም መድኃኒት ካስፈለገ መጀመሪያ የሚቀባው ይቅደም።

የሚቀቡትም ሁለት ወገን ናቸው። ሜንቶል ያላቸው፣ ሽታቸው ቤት የሚሞላ፣ የሚያቀዘቅዙ ወይም የሚያሞቁ ባልሞች ሕመሙን በሌላ ስሜት ያስረሱሻል፤ ለአንድ ማታ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ዲክሎፌናክ ጄል ግን መድኃኒት ነው፤ ቆዳ አልፎ ገብቶ ብግነቱን ይቀንሳል፣ ለአጣዳፊ የጡንቻና የጅማት ሕመም መሥራቱም በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስስ አድርገሽ ቀቢ። ውሃ በቋጠረ ወይም በተላጠ ቆዳ ላይ አይቀባም። ቀብተሽ በላዩ ላይ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አታድርጊ፤ እጅሽንም ታጠቢ። ቅባቱ ጥልቅ ቦታ እንደማይደርስ አትርሺ፤ ባትና ተረከዝ ላይ ጥሩ ነው፣ ለወገብ ብዙ አትጠብቂበት።

ክኒን ላይ ስንመጣ አገራችን ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ክኒን ደግሞ የጨጓራ ጠላቶች ናቸው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የደም ግፊት ካለብሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትውሰጃቸው። ጤነኛ ከሆንሽና ከወሰድሽ ምግብ በልተሽ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ፣ ኢቡፕሮፌን ከሆነ በአንድ ቀን ከ1200 ሚሊ ግራም ሳታልፊ ይሁን። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የዋህ ነው፤ የጡንቻ ሕመም ላይ ደከም ቢልም ለመተኛት ይረዳል። አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል። ጄሉንና ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ክኒን አንድ ላይ መውሰድ ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። እርጉዝ ከሆንሽ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ጄሉንም ክኒኑንም ተዪና ሐኪምሽን ጠይቂ።

«መርፌ ብወጋ ቶሎ ይለቀኛል» የምትለኝም አለች። ሁለት ቀን ቆሞ በዋለ እግር መርፌ መወጋት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከሰርጉ በፊት «እንዳያመኝ» ብሎ ክኒን መዋጥ ነው። ሕመሙ ጫማውን አውልቂ የሚልሽ ድምፅ ነው፤ እሱን ዝም አሰኝተሽ ስትጨፍሪ የምታድሪ ከሆነ ጉዳቱን የምታገኚው በማግስቱ ተደማምሮ ነው።

ሐኪም ጋ መቼ?

አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካመመሽ፣ በተለይ ከረጅም በረራ ወይም ከወሊድ በኋላ ከሆነ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ አትታሺው፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት አፍታም አትቆዪ። ከተረከዝሽ በላይ «ቋ» የሚል ነገር ሰምተሽ በጣቶችሽ ጫፍ መቆም ካቃተሽም የተረከዝ ጅማትሽ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። የደነዘዘ ጣት ስሜቱ ካልተመለሰም ተመርመሪ።

ማሳሳብ ወይስ ማረፍ? ስለ ነጠላ ጫማው ወጥመድም

ሰኞ ዕለት የዛለን ባት ማሳሳብ ሕመሙን ብዙም አይቀንሰውም። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ የተደረጉት ጥናቶች ግን ከእንቅስቃሴ በፊትም ሆነ በኋላ ማሳሳብ ቀጣዩን የጡንቻ ሕመም የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ እንደሆነ አሳይተዋል። ሙሉ ቀን መተኛትም አያዋጣም፤ ስትነሺ የባሰ ደርቀሽ ትገኛለሽ። ለዚያ ቀን የሚያዋጣው ምቹ ሸራ ጫማ አድርጎ ዘና ብሎ መራመድ ነው።

ታዲያ ማሳሳብ ለምን ይጠቅማል? ለመጪው ወር። በ2010 እ.ኤ.አ. የቪየናና የማንቸስተር ተመራማሪዎች ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ የሚበልጥ ታኮ ሲያደርጉ የቆዩ ሴቶችን ባት መርምረው ነበር። የጡንቻቸው ክሮች ሂል ከማያደርጉት በ13 በመቶ ገደማ አጥረው፣ የተረከዝ ጅማታቸውም ወፍሮና ደንድኖ አገኙት። ብዙ የሂል ሴቶች «እኔ ነጠላ ጫማ ነው የሚያመኝ፣ ሂል ይሻለኛል» የሚሉበት ምክንያት ይኸው ነው። አልተሳሳቱም፤ ሰውነታቸው በእርግጥ ተለውጧል። ቤተ ክርስቲያን ደርሰሽ ጫማሽን አውልቀሽ ምንጣፉን ስትረግጪ ከባትሽ ወደ ታች አንድ ነገር ሲሳብ ከተሰማሽ ከእነሱ አንዷ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ወጥመዱ እዚህ ነው። አንዲት ሴት ዓመታት በ9 ሴንቲ ሜትር ኖራ አንድ ቀን «በቃኝ» ትልና ወረቀት የመሰለ ጠፍጣፋ ጫማ ታደርጋለች። ያጠረው ባት በአንዴ ይጎተታል፣ ተረከዟ ይቆስላል፣ እሷም ሂሉ ይሻላል ብላ ትመለሳለች። መውረድሽ ካልቀረ በደረጃ ውረጂ፤ ከ9 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 3፣ በየደረጃው ጥቂት ሳምንት እየቆየሽ።

ሁለት እንቅስቃሴ በቂ ነው። አንደኛው በግድግዳ ነው፤ እጆችሽን ግድግዳ ላይ አድርገሽ አንድ እግር ወደ ኋላ ትዘረጊና ተረከዝሽን ከመሬት ሳታነሺ ወደ ፊት ትጠጊያለሽ። ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ ትንሽ አጥፈሽ 30 ሰከንድ፤ ጉልበት ታጥፎ ሲሠራ ከሥር ያለውን የባት ጡንቻ ያገኘዋል። ሁለተኛው እንቅስቃሴ በደረጃ ጫፍ ነው፤ በጣቶችሽ ሥር ቆመሽ፣ መደገፊያ ይዘሽ፣ ወደ ላይ ትነሺና ተረከዝሽን ከደረጃው በታች እስኪወርድ ቀስ ብለሽ ታወርጂዋለሽ። ሦስት እስኪቆጠር ማውረድ ነው ሥራው። ከማሳሳብ ብቻ ይልቅ ይህኛው ጡንቻውን ያረዝመዋልም፣ ያጠነክረዋልም። ሕመሙ ያለበት ሳምንት ሳይሆን ከተሻለሽ በኋላ ጀምሪው።

ጫማ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች

ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት የሲሊኮን ትራሶች ብዙ ዓይነት ናቸው። በእኔ ግምት አብዛኛውን ሴት የሚረዳው ትንሿ፣ እንባ የምትመስል፣ ከጣቶች ሥር የምትለጠፈው ናት። ችግሩ ሴቶች ልክ ያመማቸው ቦታ ላይ መለጠፋቸው ነው። እንዲያ ሲሆን የቆሰለውን ቦታ ከሥር ትገፋዋለች። ከሕመሙ ጥቂት ወደ ተረከዝ በኩል፣ አጥንቶቹ ከፍ የሚሉበት ቦታ በስተኋላ ለጥፊያት፤ ያኔ ሸክሙን ከቆሰለው ቦታ ታነሳለች። ቀድመሽ በማርከር ጣትሽ ሥር የሚያምሽን ነጥብ ቀብተሽ ጫማውን ብታደርጊው ነጥቡ ውስጡ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ በስተኋላው ትለጥፊያለሽ።

ሙሉ ርዝመት ያለው ወፍራም ትራስ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሲገባ ጣቶችን ይጨምቃል፤ ለሂል አልመክረውም። የተረከዝ ትራስ ተረከዝን የበለጠ ከፍ ስለሚያደርግ ከፊት ያለውን ሸክም አይቀንስም። ከኋላ የሚለጠፈው ስስ ቁራጭ ግን ጫማው እንዳያመልጥ ስለሚይዝ ጣቶችሽ መጨበጥ ያቆማሉ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ጣት በፕላስተር ማሰር የሚለው ብልሃት ነርቩ ለሚያስቸግራት ጥቂት ሊያቀል ይችላል፤ ለሌላው ተስፋ አታድርጊበት።

የሚቀጥለው ጫማ

ቅባት ከመምረጥ ይልቅ ጫማ በመምረጥ የምታተርፊው ይበልጣል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ።

ቀጭን ታኮ ቁርጭምጭሚትንና አገዳን ያደክማል፤ ምንጣፍ ላይና አዳራሽ ውስጥ ያምራል፣ ኮብልስቶን ላይና የሰርግ ፎቶ የሚነሱበት መናፈሻ ሣር ላይ ግን ይሰምጣል። ወፍራም ታኮ መረጋጋትን ይሰጥሻል። አንድ ነገር ግን አያድንሽም፤ ቁመቱ እኩል ከሆነ ከጣቶች ሥርና ጉልበት ላይ ያለው ጫና ያው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከፍ ያለ ታኮ በጉልበት ላይ ያለውን የመጠምዘዝ ጫና በአማካይ 23 በመቶ ጨምሮ አገኘ፤ እነዚያው ተመራማሪዎች በኋላ ወፍራም ታኮን ሲለኩም ተመሳሳይ ነገር ነው ያዩት። «ወፍራም ነው፣ ምንም አይለኝም» እያልሽ 9 ሴንቲ ሜትር አትግዢ።

ዌጅ፣ ማለትም ሥሩ ሙሉ የሆነው፣ ለኮብልስቶንና ለመናፈሻ ከሁሉ ይሻላል። ፊቱ የተነሳ ባለ ወፍራም ሶል ጫማ ደግሞ አስተዋይ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ 10 ከፊት 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እግርሽ የሚያዘነብለው 7 ብቻ ነው። ግን ሶሉ ስለማይታጠፍ መሬቱን አትለዪውም፤ አንዴ ከተወላገድሽ ወለምታው ከባድ ነው። ጭፈራ ያለበት ቦታ አልወደውም።

እኔ ለሥራም ለሰርግም የምመርጠው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ወይም ከላይ ቀበቶ ያለው፣ ፊቱ የለውዝ ፍሬ ቅርጽ ያለው ጫማ ነው። ማሰሪያው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ከኋላው ክፍት በሆነ ሂል ሙሉ ቀን የዋለች ሴት ውስጥ እግሯ ለምን እንደተጨመደደ አታውቅም፤ ጣቶቿ ጫማውን ሙሉ ቀን ይዘውት ውለዋል።

ስትገዢ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ እግር ሲመሽ ያብጣልና። ጫማውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ አጥፊው፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ነው፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ መልሺው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው፤ ታኮው ከተረከዝሽ መሃል ሥር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ባለሱቁ «ሲለመድ ይሰፋል» ካለሽ አትመኚው፤ ርዝመቱ አይሰፋም። የታኮው ጎማ ካለቀም ሳትዘገዪ አስቀይሪው፤ በአንድ በኩል ያለቀ ጎማ ቁርጭምጭሚትን በየእርምጃው ያጣምማል።

ለሰርግ ቀን ሁለት ጫማ ይዘሽ ሂጂ፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን እንጂ ጠፍጣፋ ብቻ አይሁን። ለፎቶና ለመግቢያው ከፍ ያለውን፣ ለአዳራሹ ዝቅ ያለውን። እስክስታ ትከሻ ስለሆነ በሂልም ያስኬዳል፤ የጉራጌ ጭፈራ ሲመታ ግን አውልቂው፣ ማንም አይፈርድብሽም። አዲስ ጫማ ሰርግ ቀን መመረቅ የለበትም፤ ቀደም ብለሽ ቤት ውስጥ ካልሲ አድርገሽ ለምጂው። ቅዳሜን በቀጭን ታኮ ከዋልሽ ደግሞ የእሁዱ መልስ በዌጅ ይሁን።

ሥራሽ ሂል የሚያስገድድሽ ከሆነ

በእንግዳ መቀበያ፣ በባንክ መስኮት፣ በሆቴልና በፕሮግራም አስተናጋጅነት የሚሠሩ እህቶቻችን ከላይ ካልኩት ብዙውን መምረጥ አይችሉም። ለእነሱ ያለኝ ምክር ከፋርማሲ ይልቅ ከአለቃ ጋር መነጋገር ነው። ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት በ2017 እ.ኤ.አ. አሠሪዎች ሴት ሠራተኞችን ሂል እንዲያደርጉ ማስገደድን ከልክላለች። በዚያው ዓመት ፊሊፒንስ ቆመው ለሚሠሩ ሰዎች ባወጣችው መመሪያ የሥራ ጫማ ታኮ ከአንድ ኢንች፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ፣ መቀመጫና የእረፍት ጊዜም እንዲሰጥ አዘዘች። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል።

ስትጠይቂ ሦስት ነገር ለይተሽ ጠይቂ። አንደኛ፣ የታኮው ቁመት ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍና ሰፊ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ እንግዳ በሌለ ሰዓት የምትቀመጪበት ከፍ ያለ በርጩማ። ሦስተኛ፣ የምትቆሚበት ወለል ሴራሚክ ከሆነ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ። ብቻሽን ከምትሄጂ ሥራ ባልደረቦችሽን ይዘሽ ግቢ፤ የሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒስት ማስረጃ ካለሽ አያይዢው። እስኪፈቀድ ድረስ ጠዋትና ማታ በሸራ ጫማ ተጓዢ፣ ሂሉን መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ፤ ከዴስክሽ ጀርባ ማንም እግርሽን በማያይበት ሰዓትም አውልቂው።